የፈቲያ አምፖልና የእኔ እጅ

ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ ልጆቼ ሲጨቀጭቁኝ ከስልክ እንጨት ልጀምር አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ የኮሌጅ ክፍል፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ወደ አምፖል አንጋጣ የቆመች ልጅ እና ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ያለ የመብራት ማጥፊያ ነው። እንግዲያው አስቀድሜ ልናገረውና ልፈር። ልጅቷ በአምፖል ብርሃን ኢንተርኔት እያስተላለፈች ለፈታኞቿ ስታሳይ አምፖሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት። ከማጥፋቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ካጠፋሁት በኋላ የተናገርኩት ነው።

የተወለድኩት እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔንም ስፌት መኪና ላይ ሊያስቀምጠኝ ሞክሮ ዓይኔ መስኮት ላይ እየቀረ ስላስቸገረው ለስልክ መሥሪያ ቤት አስረከበኝ። የተመደብኩት አጋሮ መስመር ላይ ከሽቦ ጠጋኞች ጋር ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ሥራን የሚለካው በሪፖርት ውፍረት ስለነበር ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ደመወዙም ቢሆን ለመኖር ያህል ነበር።

ሽቦ መዘርጋት ሌላ አገር ምን እንደሚመስል አላውቅም። እኛ ጋ ጠላታችን ጥላ ነበር። ቡና ያለ ጥላ አይሆንም፤ ገበሬው ከቡናው በላይ ያለውን ዋንዛ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። የስልክ ሽቦ ደግሞ ቅርንጫፍ ከነካው በዝናብ ጊዜ ድምፁ ሁሉ ፍሽፍሽታ ይሆናል። ጉሬዛውም ሽቦውን ለእሱ የተዘረጋ መሸጋገሪያ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ሥራችን ግማሹ እንጨት ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ባለቡናውን አንዲት ቅርንጫፍ እንዲያስቆርጠን መለመን ነበር።

ልመናውንም ሥራውንም ያስተማረኝ ጋሽ ከድር ነው። ከድር አባ ዱራ ጅሬን ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ካላሳቁት የማይስቅ ሰው ነበር። ባለቡናው ዘንድ ሲደርስ ስለ ቅርንጫፍ አያነሳም። ስለ ቡናው ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ይጠይቃል። ሰውየው ራሱ፣ “ታዲያ ምን እግር ጣላችሁ?” እስኪል ድረስ መጋዝ የያዘውን ከረጢት ከኋላው አያወጣም። እኔ በዚህ እናደድ ነበር። መጋዙን ቀድሜ ባወጣሁባቸው ቦታዎች ግን አንድም ቅርንጫፍ አልቆረጥኩም።

ጋሽ ከድር ሁለት ልማድ ነበረው። ሁለቱንም የተማርኩት ተራራ ላይ ወዳለው ማስተላለፊያ ጣቢያ አብረን በተዛወርን ጊዜ ነው። ሽቦው እየቀረ በአየር የሚያስተላልፉ ትልልቅ ሳህኖች ከተራራ ተራራ መተያየት የጀመሩበት ዘመን ነበር። ጣቢያው የሚሠራው ፀሐይ በምትሞላው ባትሪ ነው። ክረምት ሲገባ ፀሐይ ትሰስታለች፤ በከንቱ የበራች አምፖል ሁሉ ጣቢያው ከሚያገናኛቸው ከሊሙ ሰዎች ስልክ ላይ የተሰረቀች ናት። ስለዚህ ጋሽ ከድር ከቤት ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ደመና ገለጥ ባለ ቁጥር “ኢብሳ ዳምሲ” ይላል፤ መብራቱን አጥፋ ማለቱ ነው። እያደር ማለቱን ተወ፤ እጄ ራሱ ለመደ። ቀን ብርሃን ገባ ካለ እጄ ሳያማክረኝ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ሁለተኛው ልማዱ ይከብዳል። አንድ ሥራ ካለቀ በኋላ ዕቃ ከመሰብሰባችን በፊት ይቀመጥና “ማል ዶጎጎሬ?” ይለኛል። ምን ተሳሳትኩ፣ ንገረኝ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሲጠይቀኝ የሳህን አቅጣጫ እያስተካከልን ነበር። ይህ ሥራ የጣት ሥራ ነው። ሌላው ሰው ማዶ ተራራ ላይ በሬዲዮ “ግራ፣ ትንሽ፣ ተመለስ” እያለ አንተ ብሎኑን በጸጉር ያህል ታዞራለህ፤ የመለኪያው መርፌ ከፍ ሲል ታጠብቃለህ። አታላይነቱ መርፌው በማይገባ ቦታም ከፍ ማለቱ ነው። የመጀመሪያውን ከፍታ አልፈህ ሄደህ ሌላ የሚበልጥ እንደሌለ ሳታይ ማጥበቅ የለብህም። የዚያን ዕለት ጋሽ ከድር ደክሞት ነበር መሰለኝ ከፍታውን አላለፈውም። አየሁት፤ ዝም አልኩ።

“ማል ዶጎጎሬ?” አለኝ ሣሩ ላይ ተቀምጦ።

“ምንም፣ ጋሼ።”

“ምንም የሚባል የለም። ወይ አላየህም፣ ወይ ፈርተሃል። የቱ ነው?”

ዝናብ እየመጣ ነበር፤ እሱ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። በመጨረሻ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ “ከፍታውን አላለፉትም” አልኩት። ተነሳ፣ ብሎኑን ፈታ፣ አዞረ። መርፌው ወረደና እንደገና ከበፊቱ አልፎ ወጣ። አጠበቀው፤ “እሺ፣ አሁን እንውረድ” አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ጊዜው ሄደ። ጋሽ ከድር ጡረታ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አላህ ሄደ። እኔ አለቃ ሆንኩ። ፋይበር መጣ። ድምፁን በብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከጸጉር የማይወፍር የመስታወት ክር ነው፤ በአልኮል ጠርገህ፣ ጫፉን ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ፣ ሁለቱን ጫፍ በማሽን አቅልጠህ ታገናኛለህ። የጣት አሻራ ካረፈበት ወይም አቧራ ከገባበት ዋጋ የለውም፤ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን በሐሰት ትሕትና አልሸፍነውም። ነገር ግን አለቃ ሆኜ አንድም ቀን ሠራተኞቼን ምን ተሳሳትኩ ብዬ አልጠየቅኩም። እነሱ “እሺ ጋሼ” ይሉኝ ነበር፤ እኔም መከበር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከጋሽ ከድር ሁለት ልማዶች የወረስኩት መብራት ማጥፋቱን ብቻ ነው።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ዮናስ ደወለልኝ። ዮናስ ድሮ እኛ ጋ ለልምምድ መጥቶ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ መምህር ሆኗል። ተመራቂዎቹ የመጨረሻ ሥራቸውን ሲያቀርቡ ከፈታኞቹ ጋር እንድቀመጥ ጠየቀኝ። ቤት መዋል ሰልችቶኝ ስለነበር ሳያስለምነኝ እሺ አልኩ። ካቀረቡት ሁሉ አንዷ ፈቲያ ነበረች፤ አባቷ አጋሮ አጠገብ ቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ እሷም እዚሁ ጅማ በቾ ቦሬ ከአክስቷ ጋር እየኖረች የምትማር ልጅ። የሠራችው በብርሃን የሚመጣ ኢንተርኔት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ዓይናችን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ለእኛ ዝም ብሎ የበራ ይመስለናል። ከሥሩ ያለው ትንሽ መቀበያ ግን ያን ድምቀትና ፍዘት አንብቦ ለኮምፒውተሩ ይሰጠዋል። ከኮምፒውተሩ ወደ ላይ የሚመለሰው ደግሞ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን ነው። ከማቅረቢያው ቀን በፊት ዮናስ ቤተ ሙከራው ወስዶ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ ግን ቅናት ብዬ አልጠራሁትም። ልምድ ነው ያልኩት።

“ግድግዳ ያልፋል?” አልኳት።

“አያልፍም፣ ጋሼ።”

“ዋይፋይ ያልፋል።”

“ያልፋል፤ ለዚያ ነው ጎረቤት ሁሉ በእኛ ዋይፋይ ፊልም የሚያየው” አለች። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

“መብራት ሲሄድስ? በጅማ መብራት?”

“ዋይፋዩስ መብራት ሲሄድ ይቀራል እንዴ፣ ጋሼ? ሁለቱም ባትሪ ነው የሚፈልጉት።”

“እኔ ሽቦ ዘርግቻለሁ፣ ሳህን አቁሜያለሁ፣ ፋይበር ቀብሬያለሁ” አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ማለቱን አሁን ነው የማስበው። “አምፖል ግን አምፖል ነው።”

“ፋይበሩም እኮ ብርሃን ነው” አለች ቀስ ብላ። “እኔ ከመስታወቱ አወጣሁት እንጂ ሌላ ምንም አልሠራሁም። ዋይፋይንም ላባርር አልመጣሁም። ብረት በብረት የሆነ መጋዘን ውስጥ ሲቆራረጥ እዚያ እንዲያግዝ ነው።”

መልስ ያጣ ሽማግሌ ቀልድ ይፈልጋል። “ሰው ማጥፊያውን የተጫነው ዕለት አለቀልሽ፤ ኢንተርኔትሽን ዘበኛው ነው የሚያጠፋው” አልኩ። አሁን ሁሉም ሳቁ። ደስ አለኝ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ዕቃዋን ማስተካከል ቀጠለች።

በማቅረቢያው ቀን ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር። ቡና የሚያከማቹ ትልልቅ መጋዘኖች ላሉት ድርጅት የሚሠራ ነው፤ መጋዘናቸው ውስጥ ዋይፋይ እየተቆራረጠ ስላስቸገራቸው የፈቲያን ሥራ አይቶ ከወደደው ሊቀጥራት እንዳሰበ ዮናስ ነግሮኛል። ፈቲያም ታውቃለች። ነጭ ሂጃብ አድርጋ፣ እጇን ደጋግማ እየጠረገች ነበር። እኔ ትንሽ ዘግይቼ ደረስኩ፤ ወደ ላይ ይለፉ ቢሉኝ እምቢ ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

የኢንተርኔቱን ኬብል ነቅላ ለሁሉም አሳየች፣ ዋይፋዩን ዘጋች፣ ከአምፖሉ ሥር ባለው ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ ከፈተች። ያለ እንከን ይሄዳል። እጇን ከመቀበያው በላይ ዘረጋች፣ ቪዲዮው ቆመ፤ አነሳች፣ ቀጠለ። እንግዳው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ክፍሉ ታፍኖ ስለነበር አንዱ ተማሪ መጋረጃውን ገለጠው፤ ፀሐዩ ወለሉን ሁሉ ሞላው። እኔ ኮቴን ላወልቅ ተነስቼ ነበር። ኮቴን ወንበሩ ላይ አንጠልጥዬ፣ ጀርባዬን ወደ ግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በመካከሉ እጄ የሠራውን አላወቅኩም።

ቪዲዮው ቆመ። ፈቲያ መቀበያውን ነካችው፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ቀና ብላ አምፖሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዮናስም አየኝ። አስተያየት የጠበቁ ነው የመሰለኝ። ሰጠኋቸው።

“ይኸው” አልኩ። “ፀሐይ ሲገባበት እንደሚሸነፍ እኔ አውቀው ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ነገር አይደለም። ሳህን ስናቆም…” ብዬ ስለ ሳህን ጀመርኩ፣ ስለ ፋይበር ቀጠልኩ፣ አልጨርስ አልኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንግዳው ኮምፒውተሩን ቦርሳው ውስጥ አስገባ። ሰብሳቢው አመሰገነኝና ቀጣዩን ተማሪ ጠራ። ፈቲያ ዕቃዋን ሰብስባ በአጠገቤ ስታልፍ “አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ” አለችኝ። ሥራዋ እንደገና ተሠርቶ ይቅረብ ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ አስካለ ጓዳ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። በዚያ አልፌ ወደ ጓሮ ስወጣ ጮኸችብኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ ሰው ተቀምጦ እያየህ መብራት ታጠፋብኛለህ?”

“ማን አጠፋ?”

“እጅህን እየው እስቲ።”

እጄ ገና ግድግዳው ላይ ነበር። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የትናንቱ ክፍል፣ ኮቴ፣ ፀሐዩ፣ የልጅቷ ዓይን አንድ ላይ መጡብኝ። አስካለ ያመመኝ መስሏት ምስሩን ጥላ ተነሳች። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ተወችው።

ቀጥታ ኮሌጁ ሄድኩ። ዮናስን ከቢሮው አስወጣሁትና፣ “ትናንት መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ?” አልኩት።

አንገቱን ደፋ። “አዎ፣ ጋሼ።”

“አይተሃል?”

“አይተናል።”

“አይታችሁ ዝም?”

“እንዴት ብለን? እርስዎ ፊት፣ በእንግዳ ፊት…” አለና ትከሻውን ሰበቀ። “ይሉኝታ ያዘን። አሁን ግን አይጨነቁ፤ መብራት ሄዶብን ነበር ብለን እናስተካክለዋለን። ጅማ ነው፣ ማንም አይጠራጠርም።”

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ደስ አለው። መብራት ሄደ፤ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ስሜም አይነሳም። “እንደሱ ይሻላል” ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያዳነኝ ጨዋነቴ አይመስለኝም። በዚያው ቅጽበት ፈቲያ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥታ ስላየችን ነው።

ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። እጄ ለምዶበት እንደሆነ፣ ሳላውቅ እንደሆነ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ተራራው ሁሉ ቀባጠርኩ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ስለ አክብሮት አነሳሁ፤ “እኔን ለማክበር ብለሽ ሥራሽን አበላሸሽ” አልኳት።

“ስለማከብርዎት አልነበረም” አለች።

ዮናስ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን አላቆመችም።

“ሆን ብለው ያጠፉት መስሎኝ ነው። ያን ቀን ‘ሰው ማጥፊያውን ቢጫነው’ ብለውኝ አልነበር? ሊያሳዩኝ መስሎኝ ነው። ሄጄ ባበራው ከእርስዎ ጋር ልጣላ ነው፤ ፈታኞቹ ታዲያ ማንን ያምናሉ? ፈራሁ፣ ጋሼ። ወላሂ ፈርቼ ነው።”

ይህን ስሰማ የተሰማኝ ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ አያውቅም። ረስቼ ያጠፋሁት አምፖል ይቅር ይባላል። አንዲት ልጅ ግን አይታኝ፣ ሰምታኝ፣ ይህ ሰው እንጀራዬን አውቆ ሊያቋርጥብኝ ይችላል ብላ አመነች፤ እንደዚያ እንድታምን ያደረግኳት ደግሞ እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ስንቱ “እሺ ጋሼ” ይኸው ፍርሃት እንደነበረ ማን ያውቃል? ዛሬ ልጠይቃቸው ብል አብዛኞቹን የት እንደማገኛቸው እንኳ አላውቅም።

መብራት ሄዶ ነበር የሚለውን አልተቀበልኩም። ሰብሳቢው ዘንድ ገብቼ በፈታኞቹ ሁሉ ፊት የማስረዳበት፣ እሷም እንደገና የምታቀርብበት ቀን እንዲሰጠን ጠየቅኩ። ሰብሳቢው፣ “ጋሼ፣ ለስምዎት ሲሉ ይቅር” አለኝ። ስሜን ትቼ መምጣቴን ነገርኩት። ለእንግዳውም በዮናስ ስልክ ደወልኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሰማኝ፣ አመሰገነኝ፣ ከዚያ ግን ቦታው ላይ ሌላ ሰው መቀጠሩን ነገረኝ። ሌላ ዕድል ሲመጣ አስባታለሁ አለ። እስከ ዛሬ አላሰባትም። ፈቲያ ፈተናዋን አልፋ ተመርቃለች፤ አሁን አንድ ሱቅ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። በዚያ በኩል ማለፍ ስላለብኝ አልፋለሁ፤ ሰላም እላታለሁ፣ ሰላም ትለኛለች። የእኔ አንድ ሰነፍ እጅ ምን እንዳስቀረባት በየቀኑ አያለሁ።

የሁለተኛው ማቅረቢያ ቀን ቀድሜ ደረስኩ። ፈታኞቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ተነስቼ ቆምኩ። ብዙ ልናገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሲደርስ ጠፋብኝ። ባለፈው አምፖሉን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ስለ ፀሐይ የተናገርኩት ሐሰት እንደሆነ፣ የልጅቷ ሥራ አንዳች እንዳልጎደለው ብቻ ተናገርኩ። ተማሪዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ስጨርስ በቅርብ ባገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ።

ፈቲያ ኬብሉን ነቀለች፣ ዋይፋዩን ዘጋች። ቪዲዮውን ከመክፈቷ በፊት ግን ቆመች፤ ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሼ” አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “ከዚያ ወንበር ይነሱልኝ። ማጥፊያው አጠገብ ነው የተቀመጡት። እዚህ መሃል ይምጡ።”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዮናስ እንኳ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እስክነሳ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። ኮቴን ይዤ ተነሳሁና እሷ ያሳየችኝ ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ።